አሥራ ሁለተኛው ቫዮሊን

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ። እኔ የተመነጠርኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ሳልጠረጥር ያገባሁ ጊዜ። ከዚያ ወዲህ ዓይኔ ክፍት ነው። ገርጂ ኮንዶሚኒየም ሥር መጋረጃ እየሰፋሁ አሥራ ሰባት ዓመት ኖሬያለሁ፤ መጋረጃ ሰፊ ደግሞ የሰው ቤት ይገባል። መስኮት ልለካ ገብቼ ስንት ጉድ አይቼ ወጥቻለሁ መሰላችሁ! ስለዚህ ባለፈው ጥቅምት አንድ ሽማግሌ ሱቄ ገብተው፣ ዋጋ ሳይጠይቁ ጨርቅ ሳይነኩ ወንበር ስበው ሲቀመጡ፣ «ለተብርሃን፣ ንቂ!» አልኩ ለራሴ። ሰው ዝም ብሎ አይመጣም።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። አባቴ ሻምበል ባሻ ኣምደሚካኤል በስልሳዎቹ መጀመሪያ የአንድ የወታደር ኦርኬስትራ የቫዮሊኖች አለቃ ነበር። «እስከ በር ሸኚኝ» የሚለውን ዘፈን ያቀናበረው እሱ ነው። ዘፋኙን ሁሉም ያውቀዋል፤ ጎፈሬውን ከምሮ ሸክላው ልባስ ላይ ይስቃል። የአባዬ ስም ግን የትም የለም። ያኔ አቀናባሪን ማን ይጽፈዋል? «በኦርኬስትራ ታጅቦ» ይባልና ያልፋል።

ዘፈኑን ያልሰማ ካለ ልንገረው። መጀመሪያ ቤዝ ጊታሩ ብቻውን ይገባል፤ ባዶ ቤት ውስጥ ሰው ሲራመድ የሚሰማው ዓይነት። ከዚያ ከበሮው። ከዚያ ዘፋኙ፣ አልቅሶ እንዳቆመ ሰው በሰለለ ድምፅ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስትደርሱ ቫዮሊኖቹ ከሥሩ ይነሣሉ። አይጮኹም። ከኋላው መጥተው ትከሻው ላይ ጋቢ ይደርቡለታል ልበላችሁ። ዘፋኙ ያን ጊዜ ነው አፉን ሞልቶ የሚዘፍነው፤ እንደሞቀው ያስታውቃል።

አባዬ ይህን የተማረው ከጥቁር አሜሪካውያን የሶል ሸክላ ነው። አስመራ የነበረው ወንድሙ ከአሜሪካኖቹ ወታደሮች እየገዛ ይልክለት ነበር። እኔ ልጅ ሆኜ እሁድ እሁድ ማጫወቻው ሥር ያስቀምጠኝና፣ «ዘፋኙን ተዪው፤ ከኋላ ያለውን ስሚ» ይለኛል። «እንዴት አድርገው እንዳለበሱት አየሽ? ድምፅ ራቁቱን አይቆምም፣ ይበርደዋል።» እኔም ሳድግ መስኮት አለባሽ ሆኜ ቀረሁ። ስስ ጨርቅ ከወፍራሙ ላይ ስደርብ እስከ ዛሬ ያ ነገር ትዝ ይለኛል።

አሁን ወደ ዋናዋ ቦታ ልምጣ። ሦስተኛው ስንኝ ከመግባቱ በፊት ቫዮሊኖቹ አንዲት ረጅም ድምፅ ይይዛሉ። ይዘውም ሳይጨርሱ፣ በአንድ ጊዜ፣ ጭጭ! አንዲት ብቻ ትቀራለች። ቀጭን ናት፣ ከፍ ያለች፣ ትንቀጠቀጣለች ግን አትወድቅም። አሥር ሰከንድ ያህል ብቻዋን ትቆያለች፤ ዘፋኙ ሥሯ ያንጎራጉራል። ከዚያ ሁሉም ተመልሰው ይገባሉና ሰው ልቡ ይቀልጣል። ሙዚቃ የሚያውቁ ሰዎች «የዚህ ዘፈን ጥበብ እዚህ ላይ ነው» ሲሉ በኤፍ ኤም ሰምቻለሁ። እኔም ሃያ ሁለት አካባቢ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የመታሰቢያ ዝግጅት ተደርጎ ማይክ ሲሰጠኝ፣ «ያቺ ቫዮሊን የአባቴ ናት!» ብያለሁ። በሬዲዮም ደግሜዋለሁ። ለዚያች ድምፅ ሲል ቫዮሊን አንሥቶ ራሱ ተጫወታት ብያለሁ።

ማስረጃዬ ምንድን ነው? አባዬ ሦስት ዓመት ሆነው ከሞተ። እስኪሞት ድረስ ዘፈኑ በተከፈተ ቁጥር፣ ታክሲ ውስጥም ይሁን ሠርግ ቤት፣ እዚያች ቦታ ላይ ሲደርስ ቀኝ እጁን ወደ ግንባሩ ያነሣና ቀስ አድርጎ ያወርደዋል። ሌላ ዘፈን ላይ ጣቱን አያነቃንቅም። የራሱ ካልሆነ እንዲህ ያደርጋል? አፉ ግን ዝግ ነው። «አባዬ፣ ያቺን እንዴት አሰብካት?» ስለው «ተይኝ እስቲ» ብሎ ይነሣል። ትሕትና ነው ብዬ ነበር የማልፈው።

ዘንድሮ አንድ የጀርመን አሳታሚ ሸክላውን እንደ አዲስ ሊያወጣው ሆነ። ልጄ ሰምሃር ናት በኢሜይል የምትጻጻፋቸው። ፎርም ላኩ። አቀናባሪ ማን ነው? ብቸኛውን ቫዮሊን የተጫወተው ማን ነው? በሁለቱም ላይ የአባዬን ስም አስሞላኋት። ከሥሩ ግን አንድ መስመር አለች፤ ሲቀረጽ በቦታው የነበረ ሰው ይፈርምበት ትላለች። እስከ ዓርብ ካልተፈረመ «አቀናባሪው ያልታወቀ» ተብሎ ይታተማል። ያልታወቀ! አሳደገኝ፣ አስተማረኝ፣ ቀበርኩት፤ ያልታወቀ!

ሰምሃር ቲክቶክ ላይ «በቦታው የነበራችሁ» ብላ ለቀቀችው። ወይ ጉድ! በሁለት ቀን ሦስት ምስክር መጣ። አንዱ ሳክስፎን ተጫውቻለሁ አለ፤ ዘፈኑ ውስጥ ሳክስፎን የለም። አንዱ ዘፋኙን ያስተማርኩት እኔ ነኝ አለ፤ ቢቆጠር ያኔ የአራት ዓመት ልጅ ነው። ሦስተኛው ገና ሳይቀመጥ ምሳ ጠየቀ። አራተኛው እንግዲህ እኒያ ወንበር የሳቡት ሽማግሌ ናቸው። አቶ ሆርዶፋ ይባላሉ። የልጅ ልጃቸው ሜቲ ከጎሮ በባጃጅ አምጥታ፣ «አያቴ እዚያ ነበር፣ አታስቸኩሉት» ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ረጅም፣ ደረቅ ያሉ ሰው ናቸው። ኮታቸው ንጹሕ ነው፤ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠዋል። ከስፌት መኪናዬ በላይ ወደተሰቀለው ፎቶ ብቻ ያያሉ። ፎቶው የኦርኬስትራው ነው፤ አባዬ ፊት ለፊት ባዶ እጁን ቆሟል፣ ከኋላው ባለቫዮሊኖቹ ተደርድረዋል።

«አባባ፣ ምን ነበሩ እርስዎ?» አልኳቸው።

«ቫዮሊን። የመጨረሻው ረድፍ።»

«ስንት ቫዮሊን ነበር?»

«አሥራ ሁለት።»

ያዝኳቸው! ፎቶውን በልጅነቴ ስቆጥረው ነው ያደግኩት። «አሥራ አንድ ነው አባባ። ይቁጠሩት።»

አልቆጠሩትም። «ይሄ የተነሣው ከቀረጻው ሁለት ሳምንት በኋላ ነው» አሉ።

«እርስዎስ የት ሄደው ነው?»

«ተልኬ።»

«የት?»

«ሩቅ።»

ይኼ መልስ ነው? የዋሸ ሰው ብዙ ያወራል ይባላል፤ እኔ ግን ከብዙ አውሪ ይልቅ ቁጥብ ውሸታም እፈራለሁ። ከጎኔ የነበረችውን ሰምሃርን በዓይኔ ጠቀስኳት። እሷ እቴ! ለሳቸው ውሃ ልታመጣ ተነሣች።

«ዘፈኑን ታሰሚኝ?» አሉ።

ሸክላውን አስቀመጥኩላቸው። ዓይኔን ከፊታቸው አልነቀልኩም። ቤዙ ገባ፣ ከበሮው ገባ፣ ቫዮሊኖቹ ተነሡ። ሰውየው ምንም አልሆኑም። ያቺ ቦታ ስትደርስ ግን ግራ እጃቸው ከባርኔጣው ላይ ተነሣ። አንዲት ጣት፣ አንገታቸው አጠገብ፣ አየር ላይ፣ መንቀጥቀጥ ጀመረች። አሥር ሰከንድ። ሁሉም ሲገቡ እጃቸው ተመልሶ ወረደ።

«ያቺን የተጫወተው ማን ነው?» አልኩ። ወጥመድ ነበር።

«አንቺ ማን ነው ትያለሽ?»

«አባቴ ነዋ!»

«ልጄ፣ አባትሽ ያን ቀን ቫዮሊን አልያዘም። በእጁ ነበር የሚመራን።»

ደሜ ፈላ! እንግዲህ የመጡበት ታወቀ። አባዬ ከሞተ በኋላ፣ አፍ በሌለው ጊዜ፣ ያቺን አሥር ሰከንድ ሊወስዱበት ነው። «አባባ፣ ሽማግሌ ነዎት አከብርዎታለሁ» አልኩ፤ ድምፄ ግን አላከበራቸውም። «የራሱ ባይሆን ኖሮ ዕድሜ ልኩን ለምን እንዲያ ያደርግ ነበር?» አልኩና የአባዬን ነገር በእጄ አሳየኋቸው፤ ወደ ግንባሬ አንሥቼ፣ ቀስ አድርጌ አወረድኩ።

«ያወርደዋል?» አሉ ሽማግሌው።

«ምኑን?»

«እጁን። ያወርደዋል? ወይስ እንደተነሣ ይቀራል?»

«ያወርደዋል አልኩ እኮ!»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ። ሆስፒታል ተኝቶ እንኳ ነርሷ ስልኳ ላይ ከፍታው ነበር፤ ግሉኮስ የተተከለበትን እጁን አንሥቶ አወረደው። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

ከኪሳቸው መሐረብ አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉ። ድንቄም! ቴአትር ቤት ሊከፍቱብኝ ነው አልኩ በልቤ። ቶሎ ብዬ ፎርሙንና እስክሪብቶውን አቀረብኩ፤ አቀናባሪ የሚለውን ይመስክሩልኝ እንጂ ሌላውን እኔ አውቃለሁ። አዩት። እስክሪብቶውንም አነሡ፣ መልሰው አስቀመጡት።

«ዛሬ እጄ አይታዘዘኝም» አሉ። «ጎሮ ነኝ። ከፈለግሽኝ ነይ።»

ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ። እስከ በር እንኳ አልሸኘኋቸውም።

«ማሚ፣ ያንን ሰውዬ አዋረድሽው!» አለች ሰምሃር።

«ዋጋ እያስወደደ ነው። ልመና እስክሄድ እየጠበቀ ነው።»

«ምን ጠየቀሽ? አንድ ነገር ጠየቀሽ?»

አልጠየቁኝም። እሱ ነበር እኮ ይበልጥ ያስጠረጠረኝ።

በማግስቱ ረቡዕ በምሳ ሰዓት ሰምሃር ላፕቶፗን ይዛ ሱቅ መጣች። ጀርመኖቹ የዋናውን ቴፕ ድምፅ አጥርተው ልከውላታል፤ ሸክላው ላይ የሌለ ነገር ሁሉ ይሰማል። ሄድፎኗን ጆሮዬ ላይ ደፋችልኝ። በስመ አብ! ቫዮሊኖቹ ያን ያህል ብዙ መሆናቸውን አላውቅም ነበር። አንዱ ረድፍ ሲተነፍስ ሌላው ይይዛል፣ ያ ሲደክም ሌላው ይቀበላል፤ ዘፋኙ መሬት እንዳይነካ ተረባርበው የተሸከሙት ይመስላል። እንባዬ መጣ። አባዬ ይህን ሁሉ በእርሳስ፣ የእንጨት ጠረጴዛ ላይ፣ እኔ እግሩ ሥር ስድህ ነው የጻፈው። «ያልታወቀ» ይበሉና ያዩኛል!

«ማሚ፣ አሁን ስሚ» አለችና ያችኑ ቦታ ብቻ ደጋግማ ከፈተችልኝ። ድምፁን ጨመረች። ቫዮሊኖቹ ጭጭ ሲሉ አንድ ነገር ይንኳኳል። ይጎተታል።

«ምንድን ነው?»

«ወንበር ነው። ብዙ ወንበር። ድጋሚ ስሚ።»

ሰማሁ። የእንጨት ወንበር ሲሚንቶ ላይ ሲገፋ። ከዚያ ጠጥ! የብዙ ጫማ ተረከዝ በአንድ ጊዜ። እኔ የወታደር ልጅ ነኝ፤ ያቺን ድምፅ ተኝቼም አውቃታለሁ። አለቃ ሲገባ ወታደር እንዲህ ነው የሚነሣው። ቫዮሊኖቹ ዝም ያሉት ተጽፎላቸው አይደለም። ተነሥተው ቆመው ነው። አንዲቷ ቫዮሊን ግን ተቀምጣ ትጫወታለች።

ምሳዬን አልበላሁም። ሽማግሌውን ስጠረጥር ያደርኩ ሴት፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቴን ጠረጠርኩ። ወታደር ሆኖ፣ አለቃ ገብቶ፣ አባዬ ተቀምጦ ቫዮሊን ሊጫወት? አባዬ እኮ የቀበሌ ሊቀመንበር ሲገባ የሚነሣ ሰው ነበር። ታዲያ ያ ሁሉ «ተይኝ እስቲ» ትሕትና ነበር ወይስ ሌላ ነገር ነበረው?

ሐሙስ ጠዋት ሱቁን ዘግቼ የጎሮ ታክሲ ያዝኩ። ፎርሙን በፕላስቲክ አድርጌ ደረቴ ላይ አቅፌዋለሁ። መንገዱን ሙሉ ከራሴ ጋር ተጣላሁ። ነገ ዓርብ ነው፤ ፊርማውን ብቻ ተቀብዬ ልመለስ ወይስ ልጠይቅ? ልጠይቅስ ብል መልሱን ከሰማሁ በኋላ እንዳልሰማሁ መሆን እችላለሁ? «ምን ቆረጠሽ? አስፈርመሽ ውጪ!» ይለኛል አንዱ ልቤ። ከአደባባዩ አለፍ ብሎ ሦስት ፎቆች መሐል የተረሳች የቆርቆሮ አጥር አለች፤ ሜቲ በስልክ የነገረችኝ እሷን ነው። ግቢው ውስጥ ጎመንና አንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ አለ። አቶ ሆርዶፋ ዛፉ ሥር ተቀምጠዋል።

«መጣሽ፣ ኢንታላ ኮ» አሉ። ልጄ ማለታቸው ነው። «እዚህ የቆምሽበት ሁሉ የአባቴ የጤፍ ማሳ ነበር። ከዚህ ነው ቫዮሊን ልማር የሄድኩት።»

ባለቤታቸው እማማ ደሪቱ እርጎ አመጡልኝ። አንድ ጊዜ ልማድ ሆኖብኝ እርጎውንም ጠረጠርኩት። ከዚያ አፈርኩና ጠጣሁት።

ሳልናገር እጃቸውን ዘረጉ። «ወረቀቱን አምጪ።» ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ቀስ ብለው ፈረሙ። «ከመጀመሪያዋ ኖታ እስከ መጨረሻዋ የጻፈው ሻምበል ባሻ ኣምደሚካኤል ነው። ዓይኔን ግንባር ያድርገው። ወታደር ሆኖ እንዲያ የሚጽፍ ሰው ከሱ በፊትም ከሱ በኋላም አላየሁም። ለየአንዳንዳችን ክራችን የሚወደውን ያውቅ ነበር።»

እንግዲህ የፈለግኩት በእጄ ገብቷል። ተነሥቼ መሄድ እችል ነበር፤ የአባዬ ስም በሁለቱም መስመር ላይ ተጽፏል፣ ፊርማው ከሥር አለ፣ ማን ይጠይቀኛል? ተነሣሁም። ከዚያ ያ የወንበር ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ተጎተተ። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ ወንበሩን ሰማሁት» አልኳቸው። «ተነሥተዋል። ማን ነው የገባው?»

«ተይው ልጄ» አሉ። «ሸክላሽን አሳትሚ።»

«አልተወውም። እኔ ነገር ጀምሬ አልተውም፤ ጎረቤቶቼን ይጠይቋቸው።»

ሣቅ አሉ። ከዚያ ነገሩኝ።

ቀረጻው የሠራዊቱ መመገቢያ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ቴፑ አንድ ነው፣ ሊያልቅ ተቃርቧል፤ ይህ የመጨረሻው ሙከራ ነው። ዘፋኙ፣ ቤዙና ከበሮው ከሆቴል ባንድ የመጡ ሲቪሎች ናቸው፤ ቫዮሊኖቹ ወታደሮች። አባዬ ፊት ለፊት ቆሞ ነግሯቸዋል፦ ያቺን ረጅም ድምፅ ስትይዙ እጄን አነሣለሁ። እጄ እስኪወርድ ማንም ደጋኑን ከክሩ ላይ እንዳያነሣ። እጄን እዩ፣ ሌላ አትዩ።

«እጁን አነሣ» አሉ አቶ ሆርዶፋ። «ያዝናት። ያን ጊዜ ከኋላችን በሩ ተከፍቶ ኮሎኔሉ ገባ። አሥራ አንዱ ተነሡ፤ እግር ራሱ ነው የሚነሣው፣ ሰው አያዘውም። አባትሽ ደንግጦ፣ ያነሣውን እጅ ግንባሩ ላይ አደረገው። ሰላምታ መስጠቱ ነው። ቆብ እንኳ አልነበረውም።»

«እርስዎስ?»

«እኔማ ሁሉም ሲነሣ አይቻለሁ። ግን እጁ አልወረደም።» ቀኝ እጃቸውን ግንባራቸው አጠገብ አድርገው አሳዩኝ። «እጄን እዩ ብሏል፤ አየሁ። ላይ ነው። የሃያ ዓመት ልጅ ነኝ፣ ከዚህ ማሳ የወጣሁ፤ የታዘዝኩትን ነው የማውቀው። ያዝኳት። ሲቪሎቹ ምንም አልገባቸውም፤ ዘፋኙ ዓይኑን እንደጨፈነ ነው። ኮሎኔሉ ተቀመጡ ብሎ እጁን ሲያወዛውዝ አባትሽ እጁን አወረደ፤ እኔም ያን ጊዜ አቆምኩ። ሁሉም ተቀምጦ አብረን ገባን።»

የግቢው ባሕር ዛፍ ይንሿሿል። ልጠይቀው የማልፈልገውን ጠየቅኩ። «ከዚያስ?»

«ሲያልቅ ኮሎኔሉ፣ ‹ያልተነሣው ማን ነው?› አለ። ማንም አልመለሰም። ‹እኔ ነኝ› አልኩ። ‹ለምን?› አለኝ። አባትሽን አየሁት። ‹እጄ ስላልወረደ ነው፣ እኔ ነኝ ያዘዝኩት› ቢል ነገሩ ያበቃ ነበር። ሳቅ ሆኖ ይቀር ነበር። አላለም። መሬት መሬት አየ። እኔም አለቃዬን አሳልፌ አልሰጥም ብዬ ዝም አልኩ። በሳምንቱ ወደ ጠረፍ ተላክሁ፤ ሦስት ዓመት። ቫዮሊኑ የመንግሥት ነው፣ አስረከብኩ። ስመለስ ቦታዬ ተይዟል። ጣቴም ረሳው። አርሼ ኖርኩ፣ ማሳው ሲሄድ ዘበኛ ሆንኩ።»

ምን ይባላል? የኔ አባት፣ ድምፅ ራቁቱን አይቆምም የሚለው አባት፣ አንድ ልጅ ኮሎኔል ፊት ራቁቱን ቆሞ እያየ አንዲት ቃል አልደረበለትም። አለቀስኩ። በአባቴ አፈርኩ፣ ቀጥሎ ስላፈርኩበት ከፋኝ። አንድ ዓመት የሞላኝ ልጅ ነበርኩ ያን ጊዜ፤ ለኔ እንጀራ ብሎ ይሆናል ብዬ ላስብ ሞከርኩ። ይህም ቢሆን የሰውየውን ጣት አይመልስም።

«ይቅር ይበሉት» አልኩ። «በሱ ፈንታ እኔ እግርዎ ላይ ልውደቅ።»

ክንዴን ያዙኝ። «ቁጭ በይ! እሱ ራሱ ይቅርታ ጠይቋል እኮ። አንቺው አይደለሽ የነገርሽኝ?»

«እኔ? ምን አልኩዎ?»

«ያወርደዋል አልሽኝ። ሁልጊዜ ያወርደዋል፣ ታሞ እንኳ አወረደው አልሽኝ።» ክንዴን አልለቀቁም። «ሃምሳ ዓመት ሙሉ ረስቶኛል እያልኩ ነበር። ለካ በየቀኑ እጁን ሲያወርድልኝ ነው የኖረው። ማክሰኞ ልፈርምልሽ ብል እጄ ያልታዘዘኝ ለዚህ ነው።»

እስክሪብቶዬን አወጣሁ። ብቸኛ ቫዮሊን በሚለው መስመር ላይ የአባዬን ስም ሰረዝኩ። ሲሰረዝ እጄን አመመኝ አልዋሽም። ከጎኑ «ሆርዶፋ» ብዬ ጻፍኩ።

«የአባትዎን ስም ይንገሩኝ።»

«ተይው አልኩሽ እኮ። በሬዲዮ አባቴ ነው ብለሻል፣ ሰው ምን ይላል?»

«የፈለገውን ይበል! በሬዲዮ የዋሸሁትን በሬዲዮ አስተካክላለሁ። ይንገሩኝ።»

«ጃለታ» አሉ ቀስ ብለው። «ሆርዶፋ ጃለታ።» ጻፍኩት። መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቱን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው ረጅም ጊዜ አዩት፤ ከዚያ እማማ ደሪቱን ጠርተው ጣታቸውን ስማቸው ላይ አድርገው አሳዩአቸው።

ስወጣ እስከ አጥሩ በር ድረስ ሸኙኝ። እኔ ሱቄ ውስጥ ያልሸኘኋቸው ሰው። መንገዱ ማዶ ታክሲ ቆሞ ረዳቱ «ገርጂ፣ ገርጂ፣ አንድ ሰው!» ይላል። ዘወር ብዬ ሳይ አቶ ሆርዶፋ ቀኝ እጃቸውን ከፍ አድርገው ይሰናበቱኛል። ረዳቱ «እናቴ፣ ግቢ እንጂ!» ብሎ ጮኸብኝ።

እጃቸው እስኪወርድ ድረስ ከቆምኩበት አልተነቃነቅኩም።